ሶፍትዌሩ ራሱ ሴቭ ያደረገውን ስህተት እንዴት እንመልሳለን?

ስታዲየም አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ ኮንሰልታንትም ሆነ 5 ኪሎ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን እየጨረሰ ያለ የሲቪል ተማሪ፣ አንድ ቀን ይህ ይገጥመዋል። ድሮዊንጉ ወይም ሞዴሉ ሳይፈለግ ተቀይሯል። ኮለን (ምሰሶ) ጠፍቷል፣ ሎድ (ጭነት) ተለውጧል፣ የአንድ ፎቅ ከፍታ ተነክቷል። ሶፍትዌሩ ደግሞ ማንም ሳያዘው ሴቭ አድርጎታል።

ድሮ ምክሩ አጭር ነበር፦ «ሴቭ ሳታደርግ ዝጋውና እንደገና ክፈተው»። ዛሬ ይህ ምክር ብዙ ጊዜ አይሠራም። እንዲያውም መዝጋቱ ራሱ የመጨረሻዋን ጤነኛ ኮፒ ሊያጠፋት ይችላል። የሚያድነው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ኮፒ፣ ቀጥሎ ፍለጋ፣ በመጨረሻ መመለስ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ሊድን ይችል የነበረውን ሥራ በገዛ እጁ ይደመስሰዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በተራ በተራ ሂዱበት።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

1. ኪቦርዱን ልቀቁ። ሴቭ አታድርጉ፣ ፕሮግራሙን አትዝጉ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አታድርጉ። በላፕቶፕ ከሆነ የምትሠሩት ቻርጀሩን ሰኩ። በዴስክቶፕ ከሆነና መብራት ሲመጣ ሲሄድ የሚውልበት ቀን ከሆነ ዩፒኤሱ መሥራቱን እዩ። በዚህ ሰዓት መብራት ቢሄድ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

2. ፋይሉ ያለበትን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ፍላሽ ላይ፣ ዴስክቶፕ ላይ፣ የትም ይሁን። የተበላሸውንም ጭምር ኮፒ አድርጉ። ከስህተቱ በኋላ የተሠራ ጥሩ ሥራ እዚያ ውስጥ አለና በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

3. ፎልደሩ ከጎግል ድራይቭ፣ ከዋንድራይቭ ወይም ከድሮፕቦክስ ጋር የተያያዘ ከሆነ ሲንኩን ለጊዜው አቁሙት። ሰዓት አጠገብ ያለችውን የፕሮግራሙን ምልክት ስትጫኑ «ፖዝ» የሚል ታገኛላችሁ።

4. ፋይሉን ሌላ ሰውም በኔትወርክ ከፍቶት ከሆነ ወዲያው ንገሩት። እሱ ምንም ሳያውቅ ሴቭ ሲል እናንተ ለማዳን የምትሮጡበትን ኮፒ ይደመስሰዋል።

5. በዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻ ላይ ያሉትን ፊደሎች፣ ማለትም ኤክስቴንሽኑን፣ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው» የሚለው ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚል ምርጫ አለ። ይህ ካልበራ በኋላ ፋይል ሪኔም ስታደርጉ ስሙ ብቻ ይቀየራል፤ የፋይሉ ዓይነት ግን እንደነበረ ይቆያል። ብዙ ሰው «ባካፑ አልከፍት አለኝ» የሚለው በዚህች ምክንያት ነው።

ስህተቱ የተፈጠረበትን ሰዓት ለዩ

የትኛውን ኮፒ እንደምትፈልጉ ለማወቅ ሰዓቱን ማወቅ አለባችሁ። እዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር ብዙዎችን ያሳስታል። የሥራ ባልደረባችሁ «ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ልክ ነበር» ካላችሁ በኮምፒውተሩ 15:00 ወይም ከሰዓት 3:00 ማለት ነው። ከምሽቱ 2፡40 ደግሞ 20:40 ነው። ስድስት ሰዓት ደምሩ፣ ወይም ቀንሱ።

ማታ አምሽተው ለሚሠሩ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ቀኑን የሚቀይረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ሐሙስ ማታ ብላችሁ የምታስቡት የ7 ሰዓት ሌሊት ሥራ ፋይሉ ላይ የሚነበበው ዓርብ ተብሎ ነው። «የሐሙሱ ኮፒ የለም» ብላችሁ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት የዓርብን እዩ።

ከዚያ ፎልደሩን «ዴት ሞዲፋይድ» በሚለው ደርድሩትና ከስህተቱ ሰዓት በፊት የተነካውን የመጨረሻ ፋይል ፈልጉ።

ሶፍትዌራችሁ የሚያስቀምጠው የት ላይ ነው?

«ራሱ ሴቭ ያደርጋል» የሚባለው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። አውቶካድን የመሰለው የድሮዊንግ ሶፍትዌር ዋናውን ፋይል ሳይነካ ጎን ለጎን የአደጋ ጊዜ ኮፒ ያስቀምጣል። ኢታብስን የመሰለው የሕንፃ ማስያ ሶፍትዌር አንድ ትእዛዝ ስትሰጡት ዋናው ፋይል ላይ ይጽፋል። ኦንሼፕን የመሰለው በኢንተርኔት የሚሠራ የዲዛይን ሶፍትዌር ደግሞ እያንዳንዷን እርምጃ ኢንተርኔት ላይ እየመዘገበ ይሄዳል፤ ሴቭ የሚል ቁልፍ እንኳን የለውም።

የእናንተ ሶፍትዌር ከየትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ በመሞከሪያ ፋይል ፈትኑት። ትንሽ ነገር ቀይሩ፣ ሴቭ ሳትሉ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱና የዋናውን ፋይል «ዴት ሞዲፋይድ» እዩ። ሰዓቱ ተቀይሮ ከሆነ ዋናው ፋይል ላይ ነው የሚጽፈው። እንዲህ ባለው ሶፍትዌር «ሳላስቀምጥ እዘጋዋለሁ» የሚል መውጫ የለም።

አውቶካድ

አውቶካድ ላይ የመመለሻ በሮቹ ብዙ ናቸው። የሚያሳዝነው ብዙ ድራፍትስማን ከኮንትሮል ዜድ ውጭ ያለውን አለመጠቀሙ ነው። ሲቪል ስሪዲም እዚሁ ላይ የተሠራ ስለሆነ የሚከተለው ለእሱም ያገለግላል።

1. መጀመሪያ «ሴቭታይም» ብላችሁ ጻፉና 0 ስጡት። ይህ አውቶሴቩን ያጠፋዋል። ካልነካችሁት በቀር የተለመደው ቁጥር 10 ደቂቃ ነው። አሁን የሚያስፈልጋችሁ ያለፈው አውቶሴቭ ኮፒ ነውና በአዲስ እንዳይተካ ነው የምታቆሙት። ሥራው ሲያልቅ ቁጥሩን መመለስ አትርሱ።

2. ድሮዊንጉ ካልተዘጋ ኮንትሮል ዜድ ሴቭ ከተደረገም በኋላ ይሠራል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሴቭ ማድረግ ወደ ኋላ መመለሻውን አይዘጋውም፤ የሚዘጋው ድሮዊንጉን መዝጋት ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሂዱ።

3. የጠፋው ነገር በስህተት የተሰረዘ ብቻ ከሆነና ከዚያ በኋላ ጥሩ ሥራ ሠርታችሁ ከሆነ «ኡፕስ» የሚለውን ኮማንድ ጻፉ። በመጨረሻው ኢሬዝ የጠፋውን ብቻ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ የሠራችሁትን አይነካም። የተበላሸው የሌየር ነገር ከሆነ ደግሞ፣ ማለትም ሌየሮች ጠፍተው፣ ተቆልፈው ወይም ቀለም ተቀይሮ ከሆነ «ሌየርፒ» አለ። እሱ የሌየሩን ሁኔታ ብቻ ወደ ኋላ ይመልሳል።

4. ድሮዊንጉ ተዘግቶ ከሆነ ወደ ባካፑ ሂዱ። ከድሮዊንጉ ጋር በአንድ ፎልደር፣ ተመሳሳይ ስም ያለው፣ ኤክስቴንሽኑ ቢኤኬ የሆነ ፋይል አለ። ይህ ከመጨረሻው ሴቭ በፊት የነበረው ድሮዊንግ ነው። ኮፒ አድርጉትና የኮፒውን ኤክስቴንሽን ወደ ዲደብሊውጂ ቀይሩት፣ ከዚያ ክፈቱት። ልብ በሉ፣ እያንዳንዱ ሴቭ ይህን ፋይል በአዲስ ይተካዋል። ደንግጦ ሁለቴ ኮንትሮል ኤስ የተጫነ ሰው ባካፑም የተበላሸ ይሆንበታል። የመጀመሪያው መመሪያ «ሴቭ አታድርጉ» የሆነውም ለዚህ ነው። ፋይሉ ጨርሶ ከሌለ «አይሴቭባክ» የሚለው ቅንብር ጠፍቶ ይሆናል። 1 መሆን አለበት።

5. ቀጥሎ አውቶሴቩን ፈልጉ። «ሴቭፋይልፓዝ» ብላችሁ ስትጽፉ የት እንደሚያስቀምጥ ይነግራችኋል። ካልተቀየረ የዊንዶውስ ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ነው። ስሙ በድሮዊንጉ ስም ይጀምርና ቁጥሮች ይከተሉታል፤ ኤክስቴንሽኑ ኤስ፣ ቪ እና የዶላር ምልክት ነው። ይህም ወደ ዲደብሊውጂ ሲቀየር ይከፈታል። ይህ ፋይል ድሮዊንጉ በሰላም ሲዘጋ ይጠፋል። ስለዚህ አውቶካድ ክፍት እያለ ነው ኮፒ ማድረግ ያለባችሁ። መብራት ሄዶ ወይም አውቶካድ ራሱ ተዘግቶ ከሆነ ግን ፋይሉ ይቀራል። መልሳችሁ ስትከፍቱ የሚመጣው «ድሮዊንግ ሪከቨሪ ማናጀር» የተባለው መስኮት ሁሉንም አማራጮች ከነሰዓታቸው ይደረድርላችኋል። አትዝለሉት፤ አንድ በአንድ ከፍታችሁ እዩ።

አሁን ጤነኛው አሮጌ ድሮዊንግ በእጃችሁ ገብቷል እንበል። እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ፦ ድሮዊንጉን በሙሉ ወደ ኋላ አትመልሱ። ከስህተቱ በኋላ የተሠራ ሥራ ይጠፋል፣ ከዚያም ያንን ለመድገም ስትጣደፉ ሌላ ስህተት ይገባል። ይልቅ የጠፋውን ብቻ አምጡ። ከ2019 እትም ጀምሮ «ኮምፔር» የሚል ኮማንድ አለ። ሁለቱን ድሮዊንጎች አስተያይቶ ልዩነቱን በቀለም ያሳያችኋል። ልዩነቱን ካያችሁ በኋላ ከአሮጌው ላይ የጠፋውን ሴሌክት አድርጋችሁ ኮፒ፣ ወደ አዲሱ ሄዳችሁ «ፔስት ቱ ኦሪጂናል ኮኦርዲኔትስ»። ኮለኑ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ሚሊ ሜትር ሳይዛነፍ ይቀመጣል። በአይን ግምት ከማስቀመጥ ይህ እጅግ ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የተበላሸው ነገር ኤክስሬፍ (ከሌላ ፋይል ተያይዞ የሚታይ ድሮዊንግ) ከሆነ የእናንተን ፋይል ወደ ኋላ ብትመልሱት አይስተካከልም። የአርክቴክቱን ፕላን ከጀርባ አያይዛችሁ ስትሠሩ ግድግዳ ቢንቀሳቀስ የተቀየረው የእሱ ፋይል ነው። ደውሉለት።

ለሚቀጥለው ጊዜ፣ አንድ ነገር ልትሞክሩ ስትሉ «አንዱ» (በእንግሊዝኛ UNDO) ብላችሁ ጻፉና «ማርክ» የሚለውን ምረጡ። ሙከራው ካላማራችሁ እንደገና «አንዱ»፣ ከዚያ «ባክ»። ምልክት እስካደረጋችሁበት ቦታ በአንድ ጊዜ ይመልሳችኋል።

ኢታብስ እና ሳፕ 2000

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። «ራን አናሊስስ» ስትሉ ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ሞዴሉን ሴቭ ያደርገዋል። ዋናው ፋይል ላይ። «እስቲ ቢሙን 25 በ40 አድርጌ ልየው» ብሎ ኤፍ 5 የተጫነ ሰው ሙከራውን ሥራው አደረገው ማለት ነው። ስለዚህ ራን ካደረጋችሁ በኋላ በኮንትሮል ዜድ አትተማመኑ።

ሌላም አለ። ሞዴሉ ከተሰላ በኋላ ይቆለፋል። ቁልፉን ስትከፍቱት የስሌቱ ውጤት ይሰረዛል፤ ያስጠነቅቃችኋል፣ እኛ ግን ሳናነብ «ኦኬ» እንላለን። ከባድ ሞዴል ከሆነና ውጤቱን ገና ካላወጣችሁ ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት ሠንጠረዦቹን ወደ ኤክሴል ኤክስፖርት አድርጉ።

የመመለሻው መንገድ ይህ ነው፦

1. ለውጡን ያደረጋችሁበት ሳጥን ገና ክፍት ከሆነ «ካንስል» በሉ። ቀላሉ መንገድ ይኸው ነው፤ «ኦኬ» እስካላላችሁ ድረስ ምንም አልተቀየረም።

2. ፎልደሩን እዩ። ኢታብስ ሴቭ ባደረገ ቁጥር ከዋናው ኢዲቢ ፋይል ጎን በዶላር ምልክት የሚጀምር፣ ከዚያ ኢ እና ቲ የሚሉ ፊደሎች ያሉት ኤክስቴንሽን ያለው ፋይል ይጽፋል። ይህ የሞዴሉ ሙሉ መግለጫ ነው፣ በጽሑፍ። ሳፕ 2000 ላይ የዶላር ምልክቱን 2 እና ኬ ይከተሉታል። ልብ አድርጉ፦ ይህ ፋይል ከዋናው ጋር አብሮ ስለሚታደስ ብቻውን ወደ ትናንት አይመልሳችሁም። ኢዲቢው አልከፍት ብሎ ሲበላሽ ግን ያድናችኋል።

3. ከዚህ በፊት የተቀመጠ የሞዴሉ ኮፒ ካለ፣ ሁለቱን የጽሑፍ ፋይሎች አስተያዩ። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ኤፍ እና ሲ ፊደሎችን ጽፋችሁ የሁለቱን ፋይሎች ስም ብትሰጡ ዊንዶውስ የማይመሳሰሉትን መስመሮች ያወጣላችኋል። ፋይሉ በርዕስ በርዕስ የተከፋፈለ ነው፦ ፎቆች፣ ማቴሪያሎች፣ የፍሬም ሴክሽኖች፣ የሎድ ፓተርኖች። የቱ እንደተቀየረ በደቂቃዎች ታውቃላችሁ። ሦስት መቶ ቢም እየነኩ አንድ በአንድ ከማየት ያድናል።

4. ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ሞዴሉ ላይ በእጃችሁ አስተካክሉ። ብዙ ከሆነ የአሮጌውን የጽሑፍ ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ኤክስቴንሽኑን ወደ ኢ 2 ኬ ቀይሩት። ለሳፕ ኤስ 2 ኬ ነው። ከዚያ «ፋይል» ውስጥ ገብታችሁ «ኢምፖርት» በሉ። ሞዴሉ ይገባል፤ የስሌት ውጤት ግን አብሮ አይመጣም፣ እንደገና ራን ታደርጋላችሁ።

5. ከገባ በኋላ ሳታመሳክሩ አትቀጥሉ። የፎቅ ቁጥርና ከፍታ፣ የኮንክሪቱ ደረጃ፣ የሎድ ኮምቢኔሽኖች፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ግቤቶች። በተለይ የመጨረሻውን። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ ፎቆቻችንን ሲያወዛውዝ ሁላችንም ተሰምቶናል። የ2015ቱ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የኢትዮጵያ ስታንዳርድ የሚጠይቀውን ቁጥር ሳይታወቅ የቀየረ ሞዴል የሰው ሕይወት ነው የሚነካው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው፤ የጠፋ የቢሮ ሰዓት ይካካሳል።

ምንም አሮጌ ኮፒ ከሌለስ? የወረቀት ሪፖርቱን አስቡ። ለግንባታ ፈቃድ የገባው የስታቲካል ሪፖርት ውስጥ ሴክሽኖቹና ሎዶቹ ተጽፈዋል። ከእሱ ላይ እያነበባችሁ ሞዴሉን መመለስ አሰልቺ ነው፣ ግን ይቻላል። ደግሞም የጸደቀው እሱ ስለሆነ ከማንም ትውስታ የበለጠ የሚታመን ነው።

የእትም ነገርም አለ። በአሮጌው ኢታብስ የተሠራን ሞዴል በአዲሱ ከፍታችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ አሮጌው መልሶ አይከፍተውም። ቢሮው ውስጥ ሁሉም ተመሳሳይ እትም ከሌለው ከመክፈታችሁ በፊት ኮፒ አስቀሩ።

ሬቪት

የሕንፃ ሞዴል የሚሠራበት ሬቪት «ሴቭ አድርግ» እያለ ያስታውሳችኋል እንጂ ራሱ አያስቀምጥም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ሴቭ ላይ ያለፈውን በቁጥር ያስቀራል፤ 0001፣ 0002 እያለ። ትልቁ ቁጥር የቅርቡ ነው። ለብቻ በሚሠራ ፋይል ላይ ካልቀየራችሁት የሚያስቀረው ሦስት ብቻ ነው። «ሴቭ አዝ» ስትሉ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ ቁጥሩን ከፍ አድርጉት።

በቡድን በሚሠራ ሴንትራል ሞዴል ላይ «ኮላቦሬት» የሚለው ውስጥ «ሪስቶር ባካፕ» አለ። ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል። አንዱ የድሮውን በሌላ ስም ማስቀመጥ ነው፣ ሁለተኛው «ሮልባክ» ነው። ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ምረጡ። ሮልባክ ከዚያ በኋላ ያለውን የሁሉንም ሰው ሥራ ይጥላል፤ እሱን ራሱን ደግሞ መመለስ አይቻልም። የእትሙ ጉዳይ እዚህም ያው ነው፦ በአዲስ ሬቪት ተከፍቶ ሴቭ የተደረገ ፕሮጀክት ወደ አሮጌው አይወርድም።

ኦንሼፕ እና ፊውዥን

ለሜካኒካል ሰዎች። ኦንሼፕ ላይ ስህተት ለመመለስ መጨነቅ የለባችሁም። በግራ በኩል «ቨርዥንስ ኤንድ ሂስቶሪ» የሚለውን ክፈቱ። እያንዳንዱ ለውጥ ከሠራው ሰው ስምና ከሰዓቱ ጋር ተደርድሯል። አንዱን ስትነኩት በዚያ ሰዓት የነበረውን ሞዴል ታያላችሁ። ልክ የሆነውን ስታገኙ በቀኝ ማውዝ ተጭናችሁ «ሪስቶር» በሉ። መመለሱ ራሱ እንደ አንድ አዲስ እርምጃ ስለሚመዘገብ፣ ተሳስታችሁ ብትመልሱም መልሳችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ዋና ዋና ደረጃዎች ላይ «ቨርዥን» ፍጠሩና ስም ስጡ፤ አለበለዚያ መቶ መስመር መሀል ትፈልጋላችሁ። ነፃው የኦንሼፕ አካውንት ላይ የሚሠራ ሰነድ ለማንም ክፍት መሆኑን ደግሞ እወቁ። የደንበኛን ዲዛይን እዚያ አታስቀምጡ።

ፊውዥን በእያንዳንዱ ሴቭ ላይ የቨርዥን ቁጥር ይጨምራል። ዳታ ፓናሉ ላይ ቁጥሩን ስትጫኑ የቀደሙት ይወጣሉ፤ የፈለጋችሁትን «ፕሮሞት» ስትሉት የቅርቡ ይሆናል።

ቴክኦፍ (የሥራ መጠን ልኬት) እና ፔይመንት የሚሠራበት ኤክሴል

ኤክሴል የኢንጂነሪንግ ሶፍትዌር አይደለም የሚል ካለ የክፍያ ሰርተፊኬት ሠርቶ አያውቅም። ፋይሉ ዋንድራይቭ ላይ ከሆነ ከላይ በግራ ያለው «አውቶሴቭ» ይበራል፤ ከዚያ በኋላ ሳያስቀምጡ መዝጋት ብሎ ነገር የለም። አንድ ኮለም ብቻ ሶርት ተደርጎ የቴክኦፍ ዝርዝሩ ከመጠኑ ጋር ሲለያይ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው።

ፋይሉ ካልተዘጋ ኮንትሮል ዜድ ሞክሩ። ማክሮ ከሮጠ ግን የኋላው ታሪክ ይጠፋል፤ ማክሮ ያለው የክፍያ ፎርማት ላይ ከማስሮጣችሁ በፊት ኮፒ አስቀሩ። ቀጥሎ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ቨርዥን ሂስቶሪ»። የቀደመው ሲከፈት ወዲያው «ሪስቶር» አትበሉ። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁን ሺት ብቻ ኮፒ ለማድረግ ሞክሩ። ጎግል ሺትስ ላይም ያው «ቨርዥን ሂስቶሪ» አለ፤ በተጨማሪም አንድ ሴል ላይ በቀኝ ማውዝ ተጭናችሁ «ሾው ኤዲት ሂስቶሪ» ስትሉ ቁጥሩን ማን መቼ እንደቀየረው ያሳያችኋል።

በኮምፒውተሩ ላይ ምንም ካልተገኘ

ፋይል ከእጃችን ወጥቶ የሚዞርባቸውን ቦታዎች አስቡ።

መጀመሪያ ቴሌግራም። የአዲስ አበባ ቢሮ ሁሉ ድሮዊንጉን የሚላላከው በእሱ ነው። የፕሮጀክቱን ግሩፕ ከፍታችሁ ስሙን ንኩና «ፋይልስ» የሚለውን እዩ። ካልተሰረዘ ከወራት በፊት የተላከም እዚያው አለ። «ሴቭድ ሜሴጅስ»ንም አትርሱ። ኮምፒውተሩ ዳውንሎድስ ውስጥ ደግሞ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር አለ። ከዚያ ፎልደር በቀጥታ እየከፈቱ የሚሠሩም ስላሉ፣ የጠፋ የመሰለው አዲሱ ሥራ ብዙ ጊዜ እዚያ ተኝቶ ይገኛል።

ቀጥሎ ፍላሾች፣ የተላኩ ኢሜይሎች፣ እና ድሮዊንጉን ያተማችሁበት ፕሪንት ቤት። ፍላሻችሁን ሰክተው ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ አድርገው ከሆነ ያተሙት፣ ዛሬም እዚያ ሊኖር ይችላል። ፒዲኤፉም ቢሆን ይጠቅማል፤ ልኬቱ ይነበባል።

ጎግል ድራይቭ ላይ ከሆነ ፋይሉን በቀኝ ማውዝ ተጭናችሁ «ማኔጅ ቨርዥንስ» የሚለውን ፈልጉ። እንደ ዲደብሊውጂ ያሉ ፋይሎች የቀደሙ እትሞቻቸው ለ30 ቀን ወይም እስከ 100 እትም ይቆያሉ። የነፃው ድሮፕቦክስም 30 ቀን ያቆያል። ስለዚህ ይህን ፍለጋ ለሳምንት ማዘግየት ጥሩ አይደለም።

ስም አወጣጥ

ነገ እንዳትቸገሩ አንዲት ልማድ ብቻ ልጨምር። ሞዴሉን ከመንካታችሁ በፊት ቀኑን የያዘ ኮፒ አስቀምጡ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ተራ። ኢታብስ ላይ ኢዲቢውና የጽሑፍ ፋይሉ ብቻ ይበቃሉ፤ የስሌቱን ግዙፍ ፋይሎች ማከማቸት አያስፈልግም። የጽሑፍ ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ በሞባይል ዳታም ቢሆን በየቀኑ ለራሳችሁ በቴሌግራም መላክ ትችላላችሁ።

የዘመን አቆጣጠር አንድ ምረጡና ቢሮው ሁሉ በእሱ ይስማማ። ጥቅምት 5 ቀን 2018ን አንዱ 2018-02-05፣ ሌላው 2025-10-15 ብሎ ከጻፈ ኮምፒውተሩ ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት አድርጎ ይደረድራቸዋል። «2018» የሚል ፎልደር ደግሞ ለአንዱ የእኛ ዓመት ነው፣ ለሌላው የዲደብሊውጂ 2018 ፎርማት ነው። እኔ በፈረንጅ አቆጣጠር ቢሆን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ የሚያሳየው ቀንም እሱ ስለሆነ ማመሳከር ይቀላል።

«ሴቭ አዝ» ካደረጋችሁ በኋላ ስክሪኑ ላይ ክፍት የሆነው አዲሱ ስም መሆኑን አስታውሱ። ኮፒ አስቀመጥኩ ብሎ ኮፒው ላይ ሲሠራ የሚውል ሰው ብዙ ነው። የመስኮቱን አናት አንብቡ።

የተበላሸው ድሮዊንግ ሳይት ደርሶ ከሆነ

ፋይሉን መመለስ ወረቀቱን አይመልስም። ስህተቱ የተፈጠረበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ስላወቃችሁ፣ ከዚያ በኋላ የታተመና የተላከ ነገር መኖሩን አጣሩ። ካለ ለሳይት ኢንጂነሩ ደውሉ። በጽሑፍ ብቻ አትተዉት፤ ፎርማኑ መልእክቱን ሳያይ አርማታ ሊሞላ ይችላል። የትኛው አክሲስ፣ የትኛው ፎቅ፣ ምን እንደተቀየረ በስም ንገሩ። ከዚያ የተስተካከለውን በአዲስ የሬቪዥን ቁጥር አውጡ፣ የተቀየረውን ቦታ በሬቪዥን ክላውድ (የደመና ቅርጽ ባለው መስመር) ክበቡ፣ ቴሌግራም ላይ ያለውን የተሳሳተ ፋይል «ለሁሉም» ብላችሁ ሰርዙ። የታተመውን አሮጌ ወረቀት ደግሞ አዲሱን የሚያደርሰው ሰው በእጁ ተቀብሎ ይመለስ።